ቡታጅራ፦ ሕዝቧን በመዝገብ የያዘች ከተማ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የምትገኘው ቡታጅራ፣ በስተምዕራብ የእንሰትና የገብስ ደጋ፣ በስተምሥራቅ የበቆሎና የበርበሬ ሜዳ ያዋስኗታል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ20 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ከ33 ሺህ በላይ ሆኗል። ከተማ ሲሰፋ የሚደርስበት የገበሬው ማሳ ስለሆነ ቁጥሩ የገጠሩም ጉዳይ ነው።

ቡታጅራ በዚህ ረገድ ቀዳሚ ታሪክ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን መርጦ ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪውን መምጣትና መሄድ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። በዚህም ስንት ሕፃናት በምን በሽታ እንደሚሞቱ ለማወቅ ተቻለ።

ዛሬ ይህ ሥራ የየቀበሌው ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የተወለደውን ሕፃን ቁጥር በውል የማያውቅ ቀበሌ ምን ያህል ክትባትና የመማሪያ ክፍል እንደሚያስፈልገው በማስረጃ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየስብሰባው ሕዝቡን ለምዝገባ ሊቀሰቅሱ ይገባል።