ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማን መረጠው?

የደብረ ማርቆስ መራጭ በጠቅላላ ምርጫ ቀን ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለአማራ ክልል ምክር ቤት። አገሪቱን የሚመራው ሰው እዚያው የምርጫ ክልል ውስጥ ካልተወዳደረ በቀር ስሙ ከሁለቱም ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ «ይህን ሰው እኛ መቼ መረጥነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን ሁለት ጉዳዮችን በአንድ አስሯል። መሪን ማን ይሾመዋል የሚለው አንድ ነው፤ ማን ያወርደዋል የሚለው ሌላ። የምንከራከረው ብዙውን ጊዜ ስለ ፊተኛው ነው፤ ለእኔ ክብደቱ ያለው ኋለኛው ላይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 መንግሥቱ ፓርላሜንታዊ እንዲሆን ደንግጓል። አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ድርጅት መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። መቀመጫው 547 ነው፤ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ተወካዮችና በፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመረጣል፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። የሚገርመው፣ ሥልጣኑ ከሥነ ሥርዓት ብዙም ለማያልፈው ፕሬዚዳንት ገደብ ሲበጅለት፣ ጦሩንም ካቢኔውንም ለሚያዝዘው ጠቅላይ ሚኒስትር አልተበጀለትም። ምክንያቱ የፓርላማ ሥርዓት አስተሳሰብ ነው፤ ምክር ቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊያወርደው ስለሚችል የዓመት ገደብ አያስፈልገውም ይባላል።

ሊያወርድ የማይችል ምክር ቤት ምን እንደሚመስል ጎጃም ከማንም በላይ ያውቃል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የጎጃም ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን በቀጥታ ይመርጥ ነበር። ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በዚያው ፓርላማ አልፎ ሲወጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ርስቴን ሊነካብኝ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ፓርላማው አይደለም፤ አመፁና ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ እስከ 1966 ዓ.ም. በመንበራቸው ቆዩ። ገበሬው የመረጠው ሰው ነበረው፤ የመረጠው ሰው ግን የሚያወርደው ሰው አልነበረውም።

ዛሬስ? በወረቀት ላይ ነገሩ ተለውጧል። በአንቀጽ 55 መሠረት ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም ምክር ቤቱ ሙሉ ሲሆን 183ቱ፣ ከጠየቁ ምክር ቤቱ አስፈጻሚው አካል በተሰጠው ሥልጣን ላይ ተወያይቶ እርምጃ መውሰድ ይችላል። በተግባር ግን በዚህ ሕገ መንግሥት ዘመን በምክር ቤት ድምፅ የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሞቱ፤ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ራሳቸው ለቀቁ። ተተኪውን የመረጠው የገዢው ግንባር አራቱ ድርጅቶች እኩል 45 ሰው ያዋጡበት፣ 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው። መጋቢት 18 ሊቀመንበሩ ታወቀ፤ መጋቢት 24 ፓርላማው ያንኑ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ብሎ አጸደቀ።

ኃይለማርያም መልቀቃቸውን ባሳወቁበት በዚያው ቀን የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ሲሪል ራማፎሳን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ስሙ ፕሬዚዳንት ይባል እንጂ እዚያም መራጩ ምክር ቤት ነው፤ ጃኮብ ዙማን ያስለቀቃቸውም የራሳቸው ፓርቲ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ የታየው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የራማፎሳ ፓርቲ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ሲያገኝ ሰውዬው የተፎካካሪዎቹን ድምፅ ለምኖ መመረጥ ግድ ሆነበት። የፓርላማ ምርጫ እውነተኛ ምርጫ የሚሆነው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው። እኛ ዘንድ በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ጠቅልለው ወሰዱ፤ በ2013ቱ ደግሞ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና 410ሩን ያዘ፤ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5 አገኘ። በምርጫ ክልሉ በአንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ስለሚወስድ፣ ለተሸናፊው የተሰጠው ድምፅ እዚያው ምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ይቀራል።

በክልል ደረጃ ነገሩ ይብሳል። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገዱ አንዳርጋቸው፣ በግፍ የተገደሉት አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ በአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ወንበር ላይ ተፈራረቁበት። በመካከሉ ሕዝብ የመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2013 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ምርጫ በአንድ ዓመት ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ታይተዋል፤ እዚያ ግን ቦሪስ ጆንሰንን ያስለቀቋቸው በገሃድ ያመፁባቸው የፓርቲያቸው እንደራሴዎችና ሚኒስትሮች ናቸው።

ታዲያ በቀጥታ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት ይሻለናል? አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የማቻከል ገበሬ ድምፅ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ድምፅ ጋር እኩል ተቆጥሮ እስከ ላይ ይደርሳል። ፕሬዚዳንታዊ መንግሥት አይተናል የሚል ካለ በ1979 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምን ፕሬዚዳንት ያደረገው የዘመኑ ፓርላማ ብሔራዊ ሸንጎ እንጂ ሕዝብ አልነበረም። የቀጥታ ምርጫ አደጋው ሌላ ነው። ብዙ ብሔር ባለበት አገር ሁለት ትልልቅ ክልሎች ብቻቸውን መሪ ሊያነግሡ ይችላሉ። ኬንያ ይህን ፈርታ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ በተጨማሪም ከ47 አውራጃዎቿ ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ድምፅ እንዲያገኝ ሕግ አውጥታለች። ማውረዱ ደግሞ ከፓርላማው ሥርዓት ይከብዳል፤ በአሜሪካ ታሪክ ክስ ቀርቦበት በሴኔት ውሳኔ የወረደ ፕሬዚዳንት አንድም የለም።

በእኔ ግምት ከሥርዓቱ ስያሜ በፊት መታረም ያለበት የምርጫ ሕጉና የእንደራሴው ነፃነት ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ ነው ይላል፤ መራጩም አመኔታ ካጣበት ሊያወርደው እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ እጩ ድምፃችሁን ፍለጋ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ስለ መንገዱና ስለ ማዳበሪያው ጠይቃችሁ ስታበቁ ይህንንም ጨምሩበት፦ የፓርቲህ ሊቀመንበር ሲሳሳት ምክር ቤት ውስጥ እጅህን ታወጣበታለህ ወይስ አታወጣበትም? መልሱንም በሰው ፊት ይስጣችሁ።