ስሙ ያልተጠራው ከሳሽ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ስለ ንግግርና ስለ ፕሬስ የሚለው ጥቂት ነው፤ ኮንግረስ እነዚህን ነጻነቶች የሚያጠብ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል፣ በቃ። የጸደቀው በ1791 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጋዜጣ ተሳስቶ የሰው ስም ቢያጎድፍ ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ክፍተቱን የሞሉት ዳኞች ናቸው። እንዴት እንደሞሉት ለሚጠይቅ ሰው ከአንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

በመጋቢት 1960 የማርቲን ሉተር ኪንግ ደጋፊዎች በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ገዝተው የእርዳታ ጥሪ አወጡ። ጥሪው በደቡብ ግዛቶች በጥቁር ተማሪዎች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ይዘረዝራል። ግን ስህተቶች ነበሩበት። ኪንግ ሰባት ጊዜ ታሰሩ ይላል፤ የታሰሩት አራት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ዘመሩት የተባለው መዝሙር ሌላ ነው። ፖሊስም እንደተባለው የተማሪዎቹን ኮሌጅ ግቢ አልከበበም፤ በብዛት በአቅራቢያው ተሰማርቶ ነበር እንጂ። ጋዜጣው የራሱን የቆዩ ዘገባዎች ቢያገላብጥ ኖሮ ስህተቶቹን ይደርስባቸው ነበር።

በአላባማ የሞንትጎመሪ ከተማን ፖሊስ በበላይነት የሚቆጣጠሩት ኮሚሽነር ኤል. ቢ. ሳሊቫን ከሰሱ። ስማቸው በማስታወቂያው ውስጥ አንድም ቦታ የለም፤ ፖሊስ ከተነካ የተነካሁት እኔ ነኝ ነበር ክርክራቸው። የዚያ ቀን እትም አላባማ የገባው ከ400 ባነሰ ቅጂ ነው። የአላባማ ጁሪ ግን 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። ስማችን ሳንፈቅድ ነው የሰፈረው ያሉ አራት ጥቁር ፓስተሮችም አብረው ተፈረደባቸው። ነገሩ የአንድ ሰው ክብር ብቻ አልነበረም፦ ጉዳዩ ዋሽንግተን ሲደርስ በአላባማ ባለሥልጣናት በዚሁ ጋዜጣ ላይ የተከፈቱት ክሶች 11፣ የተጠየቀው ካሳም 5.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚጠብቀው ጋዜጣ ወደ ደቡብ ዘጋቢ ለመላክ ሁለት ጊዜ ያስባል።

በመጋቢት 1964 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻሩት። ውሳኔውን የጻፉት ዊሊያም ብሬናን ናቸው። በአላባማ ሕግ ተከሳሹ የጻፈው እያንዳንዱ ዝርዝር እውነት መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ብሬናን ሸክሙን ወደ ከሳሹ አዞሩት፦ ባለሥልጣን ስሜ ጠፋ ካለ፣ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ደንታ ሳይሰጠው ማውጣቱን በማያሻማ ማስረጃ ያሳይ። ጸሐፊው ባለሥልጣኑን መጥላቱ ብቻውን አይበቃም፤ የቆዩ ዘገባዎችን አለማገላበጡም እንዲሁ።

ውሳኔው ውስጥ ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ብሬናን መንግሥትን መተቸት ወንጀል ያደረገውን የ1798 ሕግ አነሱ። ያ ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጊዜው አልፎበታል፤ የተቀጡትንም ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ምሕረት አድርገውላቸዋል። ብሬናን ግን በሕጉ ላይ ታሪክ ፈርዶበታል ብለው ያንን ለራሳቸው ውሳኔ መደገፊያ አደረጉት። ድፍረት ነው።

በ1967 ደንቡ ሹመት ለሌላቸው ዝነኞችም ተዘረጋ፤ በ1974 ግን ተራ ዜጋ ከሳሽ ሲሆን ይህን ያህል ከባድ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ተወሰነ። የእኛ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ከአሜሪካው በብዙ ይረዝማል፣ ሳንሱርንም በስም ይከለክላል፤ ሆኖም ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ እንዲህ ያለ ታሪክ በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ አይሠራም።

የሳሊቫን ደንብ የሚያስከፍለው ዋጋም አለው። ጥያቄው ጸሐፊው ምን ያውቅ ነበር ከሆነ፣ ከሳሹ የጸሐፊውን አእምሮ መፈተሽ አለበት። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ፈቀደ፦ አንድ የጦር መኮንን የሲቢኤስ ቴሌቪዥን አዘጋጅን ምን አመንክ፣ ከባልደረቦችህ ጋር ምን ተነጋገርክ፣ የትኛውን ምስክር ለምን ተውክ እያለ መጠየቅ ይችላል ተባለ። ፕሬሱን ሊጠብቅ የቆመው ደንብ የዝግጅት ክፍሉን በር ለከሳሽ ጠበቃ ከፈተው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የሳሊቫን ውሳኔ ራሱ እንደገና እንዲመረመር በጽሑፍ እየጠየቁ ነው።