በጣት የሚጠለቅ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ

ቁልፍ ማለት ለመግባት መብት ያለውን ሰው ከሌለው የሚለይ ምልክት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በቀለበት ላይ ተገጥሞ የሚጠለቀው አይባተን ከአርዱዊኖ ጋራ እንዴት እንደሚሠራና ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ አገር በኢቭሬአ ከተማ ለተማሪዎች መለማመጃ የተሠራ ትንሽ ሰሌዳ ነው።

አይባተን ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የአዝራር ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ተራው ዓይነት ከፋብሪካው የተጻፈበት 64 ቢት ቍጥር አለው፤ ይኸውም 8ቱ የዕቃው ዓይነት፥ 48ቱ መለያ ቍጥር፥ የቀሩት 8ቱ የስሕተት መመርመሪያ ናቸው። ባትሪ የለውም፤ በሩ ላይ ያለውን አንባቢ ሲነካ ኀይሉንም መልእክቱንም በአንዲት ሽቦ ይቀበላል፤ ሁለተኛዋ ሽቦ መመለሻ ናት። አርዱዊኖው ቍጥሩን ከመዝገቡ ጋራ አስተያይቶ ቢስማማ በሩን ይከፍታል።

48 ቢት ከ281 ትሪሊዮን የሚበልጡ ቍጥሮችን ስለሚሰጥ በግምት ማግኘት አይቻልም፤ መገልበጥ ግን ቀላል ነው። ቍጥሩ ለነካው አንባቢ ሁሉ በግልጽ ይነገራልና፥ ቀለበቱን ለአፍታ ያገኘ ሰው በሌላ ባዶ ቁልፍ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ዲኤስ1961ኤስ የተባለው ዓይነት ግን ምስጢሩን አይናገርም፤ በሩ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይሰጠዋል፥ እርሱም አስልቶ መልሱን ብቻ ይመልሳል። የትናንቱ መልስ ለዛሬ አያገለግልም።

ስለዚህ ተራው ቁልፍ ለመጻሕፍት ሣጥን ይበቃል፤ መርዝና አሲድ ለተቀመጠበት ላቦራቶሪ ግን አይበቃም እንላለን። ከሁሉ በላይ፥ መብራት ቢጠፋም በውስጥ ያለው ሰው በእጁ ከፍቶ መውጣት መቻል አለበት።