ከስንቱ ስንቱ፦ የሆስፒታል መረጃን መተንተንና ሪፖርት ማድረግ

የሆስፒታል መረጃ የሚወለደው ታካሚው ካርድ ባወጣበት፣ በተመረመረበትና በተኛበት ክፍል፣ በሐኪሙና በነርሷ እጅ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመተንተንና የሪፖርት ሥራ ሁሉ በእነዚያ ገጾች ላይ በሰፈረው ጥራት የተወሰነ ነው። ይህን ሙያ የሚማር ሰው ከማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ነገር፣ የትኛውም አኃዝ ሲቀርብለት ከስንቱ ስንቱ እንደሆነና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደተቆጠረ መጠየቅ ነው። በስሌቱ ውስጥ የሚቆጠረው ክስተት ላዕል፣ ክስተቱ ሊደርስባቸው ይችሉ የነበሩት ሰዎች ብዛት ደግሞ ታሕት ይባላል፤ አብዛኞቹ የሆስፒታል ሪፖርት ስሕተቶች የሚደበቁት ብዙ ሰው በማያየው በታሕት ውስጥ ነው።

ለዚህ ከ160 ዓመታት በፊት በለንደን ከደረሰው ክርክር የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1863 እ.ኤ.አ. ስለ ሆስፒታሎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በእንግሊዝ የሞትና ልደት ምዝገባ መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከነበረው ከዊሊያም ፋር የተገኘ ሠንጠረዥ አቅርባ ነበር። ሠንጠረዡ በ24 የለንደን ሆስፒታሎች የ1861 የሞት ምጣኔ 90.84 በመቶ እንደነበር ያሳያል፤ ይኸውም ሆስፒታል ከገባ ሰው በሕይወት የሚወጣው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው የሚያሰኝ አኃዝ ነው። ስሌቱ ግን በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ በዓመቱ ውስጥ የሞቱት 3,828 ሰዎች ሚያዝያ 8 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. በሆስፒታሎቹ ተኝተው ለተገኙት 4,214 ታካሚዎች ተካፍለው የተገኘ ውጤት ነበር። ችግሩ ላዕሉ የአንድ ዓመት፣ ታሕቱ ደግሞ የአንድ ቀን መሆኑ ነው። በዓመት ውስጥ በአንድ አልጋ ላይ ብዙ ታካሚዎች እየተፈራረቁ ይተኛሉና፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ አልጋ አሥር ታካሚዎችን አስተናግዶ ነበር ብንል፣ የሟቾቹ ቁጥር ሳይለወጥ ምጣኔው ወደ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች ሠንጠረዡን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ በዚህ ነጥብም እውነቱ ከእነርሱ ጋር ነበር። ይሁን እንጂ የናይቲንጌል ውለታ በዚህ አይደበዝዝም፤ በ1860 በለንደን ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ያቀረበችው አንድ ወጥ ቅጽ፣ የገቡ፣ የዳኑ፣ የሞቱና በሕክምና ላይ የቀሩ ታካሚዎች በሁሉም ሆስፒታል በተመሳሳይ መንገድ እንዲመዘገቡ የሚጠይቅ ነበርና፣ ትክክለኛው ታሕት ሊገኝ የሚችለውም በእንዲህ ያለ ምዝገባ ብቻ ነው።

ታሕቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሁለት ሆስፒታሎችን ማወዳደር ጥንቃቄ ይሻል። ከሌሎች ተቋማት በሪፈር የሚላኩ ጽኑ ሕሙማንን የሚቀበል ሆስፒታል ብዙ ሞት ቢመዘግብ የሕክምናው ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ታካሚዎቹ ሲደርሱ የነበሩበትን ሁኔታ፣ ዕድሜያቸውንና የበሽታቸውን ዓይነት ሳይለዩ ማነጻጸር ከባዱን ሸክም የተሸከመውን ተቋም መበደል ነው። ቁጥሩ ሲያንስም እንዲሁ ነው፤ ከአራት ታካሚዎች አንዱ ሲሞት «25 በመቶ» ብሎ ብቻ መጻፍ አንባቢን ያሳስታልና፣ ከመቶኛው ጎን ጥሬ ቁጥሩ መቀመጥ አለበት።

የአልጋ አጠቃቀም ስሌት ቀለል ያለ ቢሆንም የራሱ ወጥመድ አለው። 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል በ30 ቀን ውስጥ 3,000 የአልጋ ቀናት ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ በ2,400ው ታካሚዎች ተኝተውባቸው ከሆነ የአልጋ መያዝ ምጣኔው 80 በመቶ ነው፤ በዚያው ጊዜ 400 ሰዎች ተኝተው ታክመው ከወጡ ደግሞ አማካይ የቆይታ ጊዜው ስድስት ቀን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የዓመቱን ምጣኔ የሚያሰላ ሰው 12ቱን ወራት በ30 አባዝቶ ጳጉሜን ከዘነጋ፣ ታሕቱን በአምስት ወይም በስድስት ቀን ያሳንሰዋልና ሆስፒታሉ ከእውነታው በላይ የተጨናነቀ ሆኖ ይታያል።

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት የሚሸፍነው ካለፈው ወር 21ኛ ቀን እስከ ወሩ 20ኛ ቀን ያለውን ጊዜ ነው። ከየክፍሉ መዝገብ በታሊ ወረቀት የተቆጠረው ድምር በጤና መረጃ ባለሙያው ተጠቃልሎ፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በተሠራውና ብዙ አገሮች በሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ውስጥ ይገባል። ከመላኩ በፊት ግን ሪፖርቱ ከምንጩ ጋር መመሳከር አለበት፤ ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ መርጦ፣ እያንዳንዱን ከመዝገቡ እንደገና ቆጥሮ ስንቶቹ እንደተስማሙ ማየት ነው። በዚህ ሥራ የማይታለፍ ሌላ ልዩነት በባዶ ሳጥንና በዜሮ መካከል ያለው ነው፦ ዜሮ «ተቆጥሯል፣ አልተገኘም» ማለት ሲሆን፣ ባዶው ሳጥን ግን የተቆጠረ ነገር ስለመኖሩ እንኳ አይናገርም። ሪፖርት ያላደረገ ክፍል እንደ ዜሮ ከተደመረ በሽታው የቀነሰ ይመስላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ እንዲህ ያለው የሐሰት መረጋጋት ሕይወት ያስከፍላል።

የተጣራ አኃዝ ወደ ሪፖርት ሲለወጥ ግቡ አንድ ሰው አንድ ውሳኔ እንዲወስን መርዳት ነው። የብዙ ወራት ለውጥ በመስመር ግራፍ፣ የክፍሎች ንጽጽር በአሞሌ ግራፍ ይቀርባል፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ግን ምን እንደተለወጠ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችልና ማን ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ በግልጽ አማርኛ መጻፍ አለበት። ሠላሳ ሠንጠረዥ ተሸክሞ አንድም ሐሳብ የሌለው ሰነድ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሪፖርት ሊባል አይገባውም። በየተቋሙ ያለው የአፈጻጸም ክትትል ቡድንም ስብሰባውን የዕቅዱን መቶኛ በማንበብ ብቻ ከሚፈጽም፣ በአንድ ወር ከታዩት ለውጦች በአንዱ ላይ አተኩሮ ወደ መዝገቡ ተመልሶ ምክንያቱን ቢያጣራ ይበልጥ ይጠቅማል። የሆስፒታል ኃላፊዎችም ሪፖርቱን ለበላይ አካል ሲልኩ፣ ቅጂውን መረጃውን በየሌሊቱ ለመዘገቡት ነርሶችና አዋላጆች ይመልሱላቸው፤ የጻፉት ቁጥር ምን እንዳሳየ የመስማት ቀዳሚ መብት የእነርሱ ነው።