ያውቁ ኖሯል? የልብስ በረኪና ውሃም ያክማል

በ1897 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዟ ሜይድስቶን በታይፎይድ ስትታመስ የውሃ መስመሯ የጸዳው በክሎሪን ዱቄት ነበር።

በበረኪና ውስጥም የሚሠራው ክሎሪን ነው። ሽታም ሆነ ሌላ ማጽጃ ያልተቀላቀለበት፣ መለያው ላይ ከ5 እስከ 9 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተጻፈበት ከሆነ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ይዘቅጣል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለላል። በረኪናው ከገባ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የክሎሪን ሽታ ካልመጣ ያንኑ መጠን ጨምሮ ሌላ 15 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

ሙቀትና ፀሐይ በረኪናን ያደክሙታል፤ ዓመት ያለፈውን ለመጠጥ ውሃ ማመን አይገባም። ከሁሉ የከፋው በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፦ የጠማው ሕፃን ውሃ መስሎት ይጨልጠዋል። ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

በረኪና የማይችላቸውም አሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሪንን ስለሚቋቋም ውሃውን ማፍላት ይሻላል፤ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚበዛውን ፍሎራይድ ግን ማፍላትም አያስወግደውም።