የአያት ስም ለሕፃን ይሆናልን?

በሐረር ጁገል ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ ሰው በመኪና ግርግር ያልፋል። ለዚህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያወጣለት አዋጅ ወይም ማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ በግራና በቀኝ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚሰማው ድምፅ ነው። ፈረስ መጋላም የፈረስ ገበያነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሲሆነው ስሙ አልቀረም። ሕዝብ በአፉ ያወጣው ስም ዕድሜው ረዥም ነውና።

የዛሬው ነገራችን ግን ስለ መንገድ ሳይሆን ስለ አንዲት ሕፃን ስም ነው።

ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ የሚኖር፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ወዳጃችን በቅርቡ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። እርሱን ያሳደጉት አያቱ ያረፉት ሕፃኒቱ ከመወለዷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። አያትየውን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ማሚቴ» ይላቸው ነበር። ያረፉ ዕለት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በመዝገብ በሰፈረው ስማቸው «ወይዘሮ ብዙነሽ ዐርፈዋልና» እያለ ሲዞር፥ ጎረቤቱ በየደጁ ብቅ እያለ «የትኛዋ ብዙነሽ?» ይባባል ጀመር። አንዲት ባልቴት «ኧረ እትዬ ማሚቴ ናቸው!» ብለው ከጮኹ በኋላ ነው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ የወጣው።

ወዳጃችን ይህን አልረሳውም። «ልጄን ማሚቴ ካላልኋት የአያቴ ስም ከዚህ ቤት ጠፋ ማለት ነው» አለ። ባለቤቱ ደግሞ መምህርት ናት። «ማሚቴ ለሕፃን ያምራል። ነገር ግን የቤት ሠራተኛን ሁሉ ስሟን ሳይጠይቅ ማሚቴ የሚል ሰው ሞልቷል። ልጄ በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንዲሳቅባት አልፈልግም» ብላ መለሰችለት። እኛም ሁለቱን አዳምጠን ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ተረዳን።

እንደሚታወቀው ያገራችን ሰው በአንድ ስም ብቻ ሲጠራ አልኖረም። የክርስትና ስም አለው፤ የዓለም ስም አለው፤ ወንዱ ጦረኛ ከሆነ የፈረስ ስም ይጨመርለታል። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር፤ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ የተዋጋው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦርም ቃኘው ተብሏል። ልጃቸው ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ ብሎ በኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ተፈሪ ተባሉ፤ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፥ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነበር። ሦስቱም ስሞች ታሪክ ገብተዋል። የሴቲቱ የቁልምጫ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓዳ ሳይወጣ ከባለቤቲቱ ጋር ይቀበራል።

በጁገል ውስጥ ያለውን ልማድ ስናይ ነገሩ ለየት ይላል። በሐረሪ ቋንቋ «አይ» ማለት እናት ማለት ነው። በከተማይቱ ከሚከበሩት ሴት ወልዮች አንዷ አይ አቢዳ ይባላሉ። ልጅ በቤት ውስጥ እናቱን የሚጠራበት ቃል ለአክብሮት ስም ሆኖ ወደ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ የቤት ቃል ያለ ቦታው የገባ ነውር አይደለም።

ነገር ግን የቁልምጫ ስም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ማሚቴ፥ እቴቴ፥ እናኑ የሚባሉት በቤተ ሰብ አፍ የተለሰለሱ የፍቅር መጠሪያዎች ናቸው። ጥሩነሽ፥ ድንቅነሽ፥ ወርቅነሽ፥ ብዙነሽ የሚባሉት ደግሞ ስም ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ ለልጅቱ ፊት ለፊት የተነገሩ። ሌላው ስም ስለ ልጅቱ ለሰው ይናገራል፤ «ነሽ» የሚለው ግን ለራሷ ለልጅቱ ይነግራታል። እናት ከጓሮ ሆና «ጥሩነሽ!» ብላ በተጣራች ቁጥር ልጅቱ ጥሩ መሆኗን ትሰማለች።

በዚህ ዓይነት ስም የሚያፍር ወጣት ቢኖር ጥቂት ነገር እናስታውሰው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል፥ በተመራማሪዎቹ ሰፈር ይሰማ በነበረ የእንግሊዞች ዘፈን ምክንያት ሉሲ ተባለች፤ ያገሯ ሰው ግን ድንቅነሽ አላት። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ስታገኝ፥ የዓለም ጋዜጠኞች ትርጉሙን ሳያውቁ «ጥሩ ነሽ» እያሉ ሲያሞግሷት ዋሉ። ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የወጣችው ታላቋ ድምፃዊት ብዙነሽ በቀለም የሐረር ልጅ ናት። በስሟ ምክንያት መድረክ የከለከላት አልነበረም።

ቀድሞ ስም ከሰው ጋር እያደገ ይሄድ ነበር። ልጅቱ ስትዳር እንኳ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላት ነበር። ዛሬ ግን ጊዜው አጥሯል። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት በመላው አገሪቱ በክብር መዝገብ ይመዘገባል፤ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜም 90 ቀን ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሴት ልጅን የምታጠምቀው በ80ኛው ቀን ስለ ሆነ ከክርስትናው እስከ ምዝገባው የሚተርፈው 10 ቀን ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስም በኋላ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ስለዚህ አባትና እናት የሚያወጡት ስም ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለተማሪዋ፥ ለሠራተኛዋና ለአሮጊቷም ጭምር መሆኑን ማሰብ ይገባቸዋል።

የወዳጃችንን ቤት ክርክር የፈታችው ባለቤቱ ናት። አንድ ምሽት ልጅቱን አቅፋ ሳለች «አያትህ እኮ ማሚቴ ተብለው አልተመዘገቡም። ማሚቴ ያላቸው የወደዳቸው ሰው ነው፤ ስማቸው ብዙነሽ ነበር። እኛስ ለምን እንዲሁ አናደርግም?» አለችው። እርሱም ብዙ ዝም ብሎ ቆየና የአያቱን እናት ታሪክ አነሣ። ከብዙነሽ በፊት የተወለዱት ልጆቻቸው ሞተውባቸው ኖሮ፥ ይህችን አንዲት ልጅ ሲታቀፉ «አንድ ብትሆኚም ለእኔ ብዙ ነሽ» ብለው ነበር ስሟን ያወጡላት። ታሪኩን ለባለቤቱ ነግሯት አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሕፃኒቱን ብዙነሽ ብለው አስመዘገቧት። በቤት ውስጥ ማሚቴ ትባላለች።

እኛም ልጅ ለወለዳችሁና ለምትወልዱ ወጣቶች የምንመክረው ይህንኑ ነው። የቁልምጫውን ስም ለቤት ሰው አፍ ተዉት፤ እርሱ ሳይጠራ በራሱ ይመጣል። ለመዝገቡ ግን ከመወሰናችሁ በፊት አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ቀርባችሁ ሙሉ ስማቸውን፥ ማን እንዳወጣላቸውና ስለ ምን እንዳወጣላቸው ጠይቁ። ጥሩምባ ነፊው በደጃችሁ ሲያልፍ «የትኛዋ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራልና።