ጉልበት ብቻውን አያዘልልም

በየመንደራችን ኩንታል እህል ተሸክሞ የሚሄድ ብርቱ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው መረብ ኳስ ሜዳ ሲገባ ግን አንድ ቀጭን ልጅ በዝላይ ሊበልጠው ይችላል። ለምን ይመስላችኋል? ዛሬ ስለዚህ ነገር እንነጋገር።

ጡንቻችን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ገመድ ከብዙ ክር እንደሚገመድ ማለት ነው። ክሮቹ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ዝግተኞች ናቸው። ቀስ ብለው ይሠራሉ፤ ቶሎ አይደክሙም። ሌሎቹ ፈጣኖች ናቸው። በድንገት ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ግን ቶሎ ይደክማሉ።

በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሁለቱም ሥራ ታየ። የእኛ አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በማራቶን አሸነፈ። ከ2 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ሮጠ። ይህ በተለይ የዝግተኞቹ ክሮች ሥራ ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ቫለሪ ብሩሜል ደግሞ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ዘሎ በከፍታ ዝላይ ወርቅ አገኘ። ይህ የፈጣኖቹ ክሮች ሥራ ነው።

ብሩሜል ዝላይ ብቻ አልተለማመደም። ከባድ ብረት በትከሻው ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ይል ነበር። ይህ ምን ይጠቅማል?

ክብደት ማንሳት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ብዙም ሳይወፍር ይበረታል። አንጎል ብዙ ክሮችን ባንድ ጊዜ ማዘዝ ስለሚማር ነው። ደቦ ሲጠራ ብዙ ሰው ባንዴ እንደሚወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክሮቹ ራሳቸው ይወፍራሉ። ለዚህ ግን እንደ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ያለ ምግብ ያስፈልጋል። እንቅልፍም ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጉልበት ብቻውን አይበቃም። ሮጦ ወደ ላይ የሚዘል ሰው ሲነሣ እግሩ መሬት የሚነካው ከሩብ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ጡንቻ ያለውን ጉልበት ሁሉ ለማውጣት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ኩንታል ተሸካሚው ጉልበት አላነሰውም። ጉልበቱ ወጥቶ ሳያልቅ እግሩ መሬቱን ይለቃል። ስለዚህ ጉልበትን በፍጥነት ማውጣትም መለማመድ አለብን።

አንድ ነገር እንሞክር። ከግድግዳ አጠገብ እንቁም። ጣታችንን ከሰል እንቀባ። ዝቅ ብለን፣ እስከ ሦስት ቆጥረን እንዝለልና ግድግዳውን እንንካ። ቀጥለን ዝቅ እንዳልን ሳንቆይ እንዝለል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምልክት ከፍ ይላል። አንዱ ምክንያት ጅማት እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ስለሚመለስ ነው። ብንቆይ ግን ያ ኃይል በከንቱ ይጠፋል።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? መጀመሪያ ቁጭ ብድግ በዝግታ እንሥራ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። ስንለምደው አሸዋ ያለበት ትንሽ ጆንያ እንያዝ። እግራችን ከጠነከረ በኋላ ዝላይ እንጨምር። በሣር ወይም በለስላሳ አፈር ላይ ይሁን። ሲሚንቶ ላይ አይሁን። ደክሞን 100 ጊዜ ከመዝለል፣ እያረፍን 5 ጊዜ በሙሉ ኃይል መዝለል ይሻላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ካመመን እናቁም። ወጣቶች ቸኩለው እግራቸውን የሚጎዱት ይህን ተራ ሲዘሉ ነው።

ይህ ነገር የስፖርተኞች ብቻ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚቀንሱት ፈጣኖቹ ክሮች ናቸው። አዛውንት ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ፈጥኖ ካላስቀደመ ይወድቃል፤ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እናቶችና አባቶችም ይለማመዱ። መዝለል የለባቸውም። ከማይነቃነቅ ወንበር ፈጠን ብለው ይነሡ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ሲጀምሩ አጠገባቸው የሚደግፍ ሰው ይኑር።

እንግዲህ መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ በመካከሉ ዕረፍት ነው።

እንወያይ፦
1. ኩንታል ተሸካሚው ለምን ከፍ ብሎ አልዘለለም?
2. ከመዝለላችን በፊት ለምን ዝቅ እንላለን?
3. በቤታችን ያሉ አዛውንቶች ምን ዓይነት ልምምድ ይሥሩ?